ሦስተኛ ደረጃ ደንበኞች

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ስልኩ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ዋለ።

ጠዋት ከጭልጋ፣ ከአይከል ደወሉ። የከብት መድኃኒት አዘው የዶሮ ነው የደረሳቸው። «ምነው፣ ጭልጋ በዶሮ የሚታረስ መስሏችሁ ነው?» አለኝ ባለሱቁ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ግን የሚያስቅ አልነበረም... መኪናው ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ በከንቱ ተመለሰ። ትእዛዙን በስልክ የተቀበልኩ እኔ። የጫነው መጋዘኑ። በመሃል ማን እንደተሳሳተ እግዜር ይወቅ።

የሽያጭ አስተባባሪ ይሉኛል። ስሙ ሸጋ ነው። ሥራው ግን ከየወረዳው የሚደውሉ ሻጮችን ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መጋዘን መሮጥ፣ ሹፌር መለመን። የእንስሳት መድኃኒት እንሸጣለን እያልኩ፣ ከጎንደር አራዳ ወጥቼ አንድ የታመመ በግ አይቼ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ሀብተሥላሴ ከደባርቅ ደወለ። የደጋው ሻጭ እሱ ነው፤ ከደባርቅ ጀምሮ ጃናሞራን ይዞ እስከ መካነ ብርሃን። ወደ ትእዛዙ እስኪደርስ ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ብርዱ... «ጋሼ፣ ሌላ ስልክ እየጠበቀኝ ነው» አልኩት። «ይጠብቅ ልዕልቴ፣ ሰው ከስልክ ይበልጣል» አለኝ። እሱ ራሱ የሚያወራኝ በስልክ ነው እኮ!

ማምሻውን ሥራ አስኪያጃችን እንዳልካቸው ሰበሰበን። ከአዲስ አበባ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ሲስተም መጥቷል። ወረቀቱም የስልክ ጩኸቱም ይቀራል አለ። እስቲ እናያለን።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ሥልጠና። ለሻጮቹ ሁሉ አዳዲስ ስልክ ታደለ። ሱቅ ሲደርሱ «ደረስኩ» የሚለውን ይጫናሉ፣ ትእዛዙን ያስገባሉ፣ እሱ ቀጥታ መጋዘን ይገባል። መኪናው የት የት እንደሚሄድ ራሱ ሲስተሙ ያወጣል። ማን ብዙ እንደሸጠ፣ ማን እንደተኛ፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ ነው።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ስልኩን እንደ ጥሬ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ጠየቀ። «የት እንዳለሁ ያያል ማለት ነው?»

«ያያል» አለ አሠልጣኙ።

«ሽንት ቤት ብሆንስ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እንዳልካቸው ብቻ አልሳቀም። ከላይ ውጤት እንደሚጠብቁበት ያስታውቃል፤ ሰሞኑን ከስቷል።

እኔ ደስ ብሎኛል። ለምን እዋሻለሁ? ከሁሉም ቀድሜ «ጥሩ ነው» ያልኩ እኔ ነኝ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ይሠራል!

ስልኩ ዝም ሲል ጊዜ ተበላሽቶ ነው ብዬ አንስቼ አዳመጥኩት። ደህና ነው። ትእዛዙ ስክሪኑ ላይ በራሱ ይደረደራል፤ መጋዘኑ ያያል፣ ሹፌሩ ያያል። አይከል ያዘዘው ነገር እንዳዘዘው ደረሰው። ባለሱቁ የደወለው ለስድብ ሳይሆን ለምስጋና ነው። ምሳዬን ተቀምጬ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ምን እንደምሠራ ጠፍቶኝ መስኮቱን ወለወልኩ...

ቤት ስገባ እማ ፊቴን አይታ «ዛሬስ ሰው መስለሻል» አለች።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከደጋ ወርዶ ቢሮ መጣ። አጠገቤ አስቀምጬ አስተማርኩት። ይሄን ተጫን፣ ቆይ፣ አሁን ያንን። ይጫናል። በጣም ይጫናል... ጣቱ ወፍራም ነው፣ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይከፈትበታል። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «ገባኝ» አለ። አልገባውም። እኔም እንዳልገባው አውቃለሁ፤ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ቸኩሎ ስለነበር «ጎበዝ» ብዬ ለቀቅኩት።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ስክሪኑ ላይ የሌሎቹ ስም አረንጓዴ ነው። የጋሼ ቀይ። ጉብኝት የለም ይላል።

እንዳልካቸው ጠራኝ። «ሰውዬሽ የት ነው የሚውለው?»

«ላይ ኔትወርክ የለም።»

«ባይኖርም ስልኩ ይይዘዋል። ደባርቅ ሲመለስ ይልከዋል። ከሱ የሚጠበቀው መጫን ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው። ደወልኩለት። «ተጫንኩት ልዕልቴ፣ እንቢ አለ» አለኝ። የትኛውን እንደተጫነ ሊነግረኝ አልቻለም።

ደግሞ... ለራሴ ልዋሽ እንዴ? ጋሼም ጥፋት የለበትም አይባልም። ብርዱ ሲበረታ ደባርቅ ወዳጁ ቤት እሳት ዳር ተቀምጦ «መካነ ብርሃን ወጣሁ» የሚልበት ጊዜ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ግን እንደምንም ብሎ ዕቃው ይደርስ ነበር። ወይ በሰው ይልካል፣ ወይ በሳምንቱ ራሱ ይወጣል። ስክሪኑ ይሄን የት ያስቀምጠዋል?

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ጋሼ ደወለ። ከመካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ መመለሱ ነው። በዚህ ጊዜ የእውነት ወጥቷል፤ ድምፁ ሰልሏል፣ ያስለዋል።

«ደመወዝ እንቆርጣለን ብለውኛል። ይሄ ነገር ዛሬም እንቢ ብሎኛል። አንቺ ሙይልኝ፣ በማርያም።»

የይለፍ ቃሉን ነገረኝ። የደረሰባቸውን ሱቆች አንድ በአንድ ጠራልኝ። መካነ ብርሃን ላይ የመድኃኒት ሱቅ ያላት ይመኙሽ ምን እንዳዘዘች፣ ሌላውም ምን እንዳዘዘ። ከወንበሬ ሳልነሳ ሞላሁለት። ስሙ ወደ አረንጓዴ ሲቀየር አየሁና ደስ አለኝ። ምን ክፋት አለው? የሄደው እሱ፣ የጻፍኩ እኔ። ድሮስ እንዲሁ አልነበረም?

ኅዳር 20፣ ዓርብ

«ልዕልት፣ በሩን ዝጊው» አለ እንዳልካቸው።

ስክሪኑን ወደኔ አዞረ። «ደረስኩ የተባለው መካነ ብርሃን ነው። የተጫነው ግን ከዚህ ሕንፃ።»

«እኔ ነኝ። እሱ በእውነት ሄዷል። የሞላሁለት እኔ ነኝ።»

ግንባሩን በእጁ ያዘ። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«አሁን አስተካክለዋ።»

«ምኑን ላስተካክል? እኔ እኮ አይደለሁም ያገኘሁት። ራሱ ሲስተሙ ነው ያገኘው። ለእኔ ሲልክ ለአዲስ አበባም አብሮ ልኳል፤ የሐሰት ጉብኝት ብሎ።»

እፊቴ ደወለላቸው። ተለማመጣቸው እንኳ። «ሰውየው ሄዷል እኮ... አዎ... አይ፣ እሱስ ይገባኛል... እሺ... እሺ...» ሲጨርስ እኔን አላየኝም። መስኮቱን ነው ያየው። እኔም መስኮቱን አየሁ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ለኔ ማስጠንቀቂያ። ለጋሼ ስንብት።

ስልኩን ከነካርቶኑ ሊመልስ መጣ። ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም።

«ነገርኳቸው ጋሼ። እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳቸው።»

«ሰማሁ።»

«አልሰሙኝም።»

ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። «በጉብዝናዬ ደባርቅ እሳት እየሞቅሁ ወጣሁ ስል ማንም አልያዘኝ። የእውነት የወጣሁ ቀን ያዙኝ።»

ሊስቅ ፈልጎ ነበር መሰለኝ። ሳል አቋረጠው።

«አንቺ ቀረሽ፣ እኔ ሄድኩ። በቃ» አለና ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሳሉ ይሰማኛል። ልከተለው? ተቀምጬ ቀረሁ።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

በጋሼ ቦታ ሰው አይቀጠርም።

ሲስተሙ ደንበኞቹን ሁሉ በደረጃ ከፋፈላቸው። ብዙ የሚገዛ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ሻጭ በየሳምንቱ ይሄድለታል። ጃናሞራ ያለው ሱቅ በሙሉ ሦስተኛ ደረጃ። ሻጭ አይሄድላቸውም። ራሳቸው በስልክ መተግበሪያ ያዝዛሉ፤ ትእዛዙም ከተወሰነ መጠን ካነሰ አይያዝም።

«ኔትወርክ የሌለው ሰው በምን ያዛል?» አልኩ።

«ለአዲስ አበባ ጽፌላቸዋለሁ» አለ እንዳልካቸው።

ሚኒባስ ውስጥ ሳስበው መጣሁ። ያን ሁሉ አቀበት ሁለት ካርቶን ይዞ የሚወጣ መኪና ለድርጅቱ ኪሳራ ነው። ልክ ናቸው። የሚያቃጥለኝም ይሄው ነው... ልክ መሆናቸው።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ረስቼው ነበርና ደነገጥኩ። ይመኙሽ ናት። በአካል አይቻት አላውቅም፤ ድምፅዋን ግን ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ። ከበስተኋላዋ ነፋስ ያፏጫል። ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ወጥታ ነው።

«እህቴ፣ ምነው አያ ሀብቴ ጠፋ?»

ሥራ ቀየረ አልኩ መሰለኝ።

«በጉ እያለቀ ነው። ያስለዋል፣ በአፍንጫው ይወርደዋል፣ ጠዋት በረቱን ሲከፍቱ ወድቆ ያገኙታል። የመርፌው መድኃኒት አልቆብኛል። ቶሎ ካገኘ ይድናል እኮ! ሰው ደጄ ላይ ቆሟል።»

«በመተግበሪያው...»

«በምን?»

ተውኩት። «እኔ አስገባልሻለሁ» አልኳት።

ሞከርኩ። ከሱቋ ካልሆነ አልቀበልም አለ። በቢሮው ስም ሞከርኩ። መጠኑ ያንሳል አለ። እንዳልካቸው ጋ ሮጥኩ፤ እሱም በራሱ ስም ገብቶ ሞከረ። ቀይ።

«የሥራ አስኪያጅ ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም?»

«ነበረው። ባለፈው ወር አንስተውታል።»

መጋዘኑ ከእግራችን ሥር ነው። ደረጃ ወርጄ አየሁት። መድኃኒቱ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሲስተሙ ሳያዝ አንዲት ብልቃጥ ብትወጣ ተጠያቂው መጋዘን ጠባቂው ነው። እሱም ልጆች አሉት። ምን ብዬ ልለምነው?

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ዘዴ አገኘሁ!

ደባርቅ ላይ ትልቅ ሱቅ ያላቸው አቶ ቢያዝን አንደኛ ደረጃ ናቸው። ደውዬ ለመንኳቸው። የይመኙሽን በራሳቸው ትእዛዝ ላይ ጨምረው አዘዙ። ደባርቅ ከደረሰ ወዲያ በሕዝብ መኪና ይልኩላታል። ሲስተሙ ተቀበለው። አረንጓዴ። ሰኞ ይጫናል ይላል።

እንዳልካቸው አይቶ እንዳላየ ሆነ። እግዜር ይስጠው።

ይመኙሽ ከሰዓት በኋላ ተራራዋን ወጥታ ደወለች። «ሰኞ» አልኳት። «ሰኞ?» አለች። «አዎ፣ ሰኞ ከዚህ ይነሳል፣ በማግስቱ አንቺ ጋ ነው።» እልል ልትል ምንም አልቀራት። ዛሬ እንቅልፍ እተኛለሁ።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

መኪናው አይከል ሄደ።

ጠዋት ከአይከል በኩል ትልቅ ትእዛዝ ገባ። ሲስተሙ አሰላና ደባርቅን ወደሚቀጥለው ሳምንት አሸጋገረው። በራሱ። አንድ ሰው እንኳ ሳይጫን። ግቢ ወርጄ ሹፌሩን ወንዴን ያዝኩት።

«አንተ ወንዴ፣ ደባርቅ አልነበር እንዴ?»

ስልኩን አሳየኝ። «ልዕል፣ ማኪናው ይሄ ካለው መንገድ ከወጣ ነዳጅ አይሞሉልኝም። እኔ ምን ላርግ?»

ምን ያርግ? እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ። አለፈኝ። ግቢው መሃል ቆሜ አቧራውን አየሁ።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

እንዳልካቸውን አስፈቅጄ ወጣሁ። ከተማው ውስጥ ካለ ሱቅ በራሴ ገዛሁት። ያው የኛው መድኃኒት፣ የኛው ምልክት ያለበት ካርቶን። ከኛው መጋዘን የወጣ!

ተሸክሜ መነኸሪያ ደረስኩ። የደባርቅ መኪና የለም። «ከዳባት ወዲያ መንገድ ተዘግቷል» አለኝ ተራ አስከባሪው። መቼ ይከፈታል? «እሱን ለኛ ማን ይነግረናል?» አለ። ከኔ ሌላ የቆሙም ነበሩ። አንዲት ሴት ለቅሶ ልትደርስ ነው፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ እቃዋ ላይ ተቀምጣለች።

ለይመኙሽ ደወልኩ። የስልኳ መስመር የለም።

ካርቶኑን ይዤ ቤት ገባሁ።

«ምነው? ማን ታሞ ነው?» አለች እማ።

«በግ።»

«የማን በግ?»

«አላውቃቸውም እማ።»

ካርቶኑን ተቀብላ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ አስቀመጠችው።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

መነኸሪያ። የለም።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ

ገና። እማ ዶሮ ሠራች። በግ ዘንድሮ ከደጋ አልወረደም፣ የወረደውም አይቀመስም እያሉ ጎረቤቶች ያወራሉ። እኔ እንደማይሰማ ሰው እንጀራ አቀርባለሁ።

ጥር 1፣ ሐሙስ

መንገዱ ተከፈተ! ካርቶኑን ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጠሁ፤ የአቶ ቢያዝንን ስልክ ጻፍኩለት። «ከማርያም ጋር ይደርሳል» አለኝ። ቀኑ ልደታ ነው፤ ለማርያም ተሳልኩ።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ይመኙሽ ደወለች። ነፋስ የለም። ደባርቅ ወርዳ ነው።

«ደረሰ እህቴ። ብድርሽን እሱ ይክፈል።»

«ደረሰላቸው?»

ሰው ሲያልፍ፣ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ይሰማኛል።

«ለተረፈው ሰጠነው። ጥቂት ነው። አያ ጌትነት የሚባሉ አሉ፣ በረታቸው ባዶ ቀርቷል። ልጃቸውን ሊድሩበት ነበር። ሱቅ መጥተው ተቀመጡና አንድም ነገር ሳይናገሩ ተነስተው ሄዱ። እኔም ሱቁን ዘግቼዋለሁ።»

«ምነው?»

«አንቺ ሰኞ አልሽኝ፣ እኔም ሰኞ አልኳቸው። በግ ተሸክሞ ከሩቅ የመጣ አለ። በማግስቱ መጡ፣ በሦስተኛውም መጡ። በኋላ ‹መድኃኒቱን ደብቃ ልታስወድደው ነው› አሉ። የማውቃቸው ሰዎች እኮ ናቸው... ልጆቻቸውን ክርስትና ያነሳሁላቸው። በሩን በድንጋይ...» አልጨረሰችውም። አሁን ደባርቅ እህቷ ቤት ናት።

«እኔ ልንገራቸው። ስልክ ስጫቸውና እኔ...»

«ለማን ትነግሪያለሽ?» አለች። ተቆጥታ አይደለም። ደክሟት ነው። «ምን ብለሽስ? እኔ ራሴ አልገባኝም እኮ።»

እኔስ ገብቶኛል? ማነው የከለከለው? አንድ ስም ጥሪ ብባል የምጠራው የለኝም። እንዳልካቸው የቻለውን ሞክሯል። ወንዴ የታዘዘውን ነድቷል። መጋዘን ጠባቂው ቁልፉን ይዞ ቆሟል። አዲስ አበባ ያሉትም ክፉ ሰዎች አይመስሉኝም።

ሰኞ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ጥምቀት አለፈ፤ ከተማው እንግዳውን ሸኘ። ዛሬ ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ መጥቶ ስብሰባ ዋልን። የጎንደር ቅርንጫፍ ከሁሉም በልጧል። ነዳጅ ቀንሷል፣ የተሳሳተ ጭነት የለም፣ አንድ ሻጭ ድሮ ሁለት ሰው የሚሸጠውን ይሸጣል። ሁሉም እውነት ነው። ተጨበጨበ። የኔም ስም ተጠርቶ ቆምኩ። ለኔም ተጨበጨበ።

እንደቆምኩ ተናገርኩ። ስለ በጎቹ፣ ስለ ይመኙሽ፣ ስለ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ መንገዱን ስለቀየረው መኪና። ኃላፊው አላቋረጠኝም፤ ጎንበስ ብሎ ሁሉ አዳመጠኝ።

«በጣም ጠቃሚ ሐሳብ ነው» አለ። «ሲስተሙ ላይ ‹አስተያየት› የሚል ቦታ አለ። እዚያ አስገቢልን።»

ገብቼ ጻፍኩ። ረዘመና ግማሹን ቆርጦ አስቀረው። አሳጠርኩት። «አስተያየትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» አለኝ፤ ጣቴን ሳላነሳ።

ከዚያ መካነ ብርሃን ብዬ ፈለግሁ። ባዶ። ለብዙ ጊዜ ያላዘዘ ደንበኛ በራሱ ከዝርዝሩ ይወጣል አለኝ እንዳልካቸው። ቀስ ብሎ ነው ያለኝ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ።

ጥር 25፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ጋሽ ሀብተሥላሴን አየሁት። እሱም አየኝ። ፊቱን አዙሮ መንገዱን ተሻገረ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሥራ ቀሏል። በጊዜ እወጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ የመድኃኒት ሰዎች ናችሁ? ከብቶቼ እንደው...»

«አባቴ፣ ትእዛዝ በስልክ አንቀበልም» አልኩ። ሳላስጨርሳቸው። አልጮህኩም፤ በትሕትና ነው ያልኩት። ዓይኔም ከስክሪኑ አልተነሳም።

«እንደሱ ሆነ?»

«አዎ አባቴ።»

«በይ እሺ ልጄ። ደህና ዋይ።»

ዘጉት። እኔም የጀመርኩትን ጨረስኩ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የታወሰኝ... ከየት እንደደወሉ አልጠየቅሁም። ከብቶቹ ምን እንደሆኑም።